ከፊልም ሙዚቃ ወዲያ ምን ይደመጥ? በጆሮ ለመምረጥ የሚያግዝ ንጽጽር

ለረጅም ጊዜ የፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ ብቻ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው «ከዚህ ሌላ ምን ልስማ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ የዘውግ ስም ነው። ክላሲካል ሞክር፣ ጃዝ ጀምር፣ ኤሌክትሮኒክ ስማ ይባላል። እንዲህ ያለው ምክር ሩቅ አያስኬድም። ሁለት ሰዎች አንድን የፊልም ሙዚቃ እኩል ሊወዱ፣ የወደዱበት ምክንያት ግን ፈጽሞ ላይገናኝ ይችላል። አንዱ ጀግናው ብቅ ባለ ቁጥር የሚመለሰውን ዜማ ይጠብቃል። ሌላው ዜማ ኖረም አልኖረም ግድ የለውም፤ እሱን የያዘው በጨለማው ትዕይንት ሥር የሚያጉረመርመው ድምፅ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ማሳደድ ሲጀመር የሚወርደውን ምት ይወዳል። ለሦስቱም አንድ ሲምፎኒ ማዘዝ ሁለቱን ማባረር ነው።

ስለዚህ እዚህ የማነጻጽረው ዘውግን ከዘውግ ሳይሆን ጆሮ የሚፈልገውን መነሻ አድርጌ ነው። ራሳችሁን ለመፈተን ከሁሉ የምትወዱትን ማጀቢያ ያለ ምስል ክፈቱና ሲያልቅ ምን እንደቀረላችሁ አስተውሉ። የምታንጎራጉሩት ነገር ከቀረ የዜማ ሰው ናችሁ። ስሜቱ ብቻ ከቀረ የድባብ፣ እግራችሁ ገና እየመታ ከሆነ የምት። (ሁሉም ቀረልኝ የሚል ዕድለኛ ነው፤ ከየትም ቢጀምር አይጎዳም።) ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ርዝመት

የፊልም ሙዚቃ ልኩን የሚያገኘው ከምስሉ ነው። ትዕይንቱ ሁለት ደቂቃ ከሆነ ሙዚቃውም ሁለት ደቂቃ ነው፤ ተዋናዩ ሲናገር ሙዚቃው ዝቅ ይላል፤ በር ሲከፈት ይቋረጣል። ለኮንሰርት የተጻፈ ሥራ ግን የሚጠብቀው ተዋናይም የሚከፈት በርም የለውም። አንድን ሐሳብ ወስዶ እስኪበቃው ድረስ ያገላብጠዋል።

ልዩነቱን በደንብ የሚያሳየው ስታንሊ ኩብሪክ በ1968 ለጠፈር ፊልሙ የተጠቀመበት የሪቻርድ ሽትራውስ ሥራ፣ «ዛራቱስትራ እንዲህ ተናገረ» የተሰኘው፣ ነው። በ1896 የተጻፈው ይህ ሥራ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የትራምፔትና የከበሮ መክፈቻ ግን ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ በኋላም እንደነበረ ሆኖ ተመልሶ አይመጣም። መክፈቻውን ፈልጎ የገባ አድማጭ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ግራ ይገባዋል፣ አሥረኛው ላይ ይዘጋዋል፣ ከዚያም «ክላሲካል ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይደመድማል። ሥራው ግን መጥፎ አይደለም፤ ለመነሻ የማይሆን ሆኖ ነው እንጂ። መጀመሪያ ላይ የሚመረጠው እያንዳንዳቸው ራሳቸውን በቻሉ አጫጭር ክፍሎች የተሠራ ሙዚቃ ነው።

ዜማው ለሚቀርላቸው

ለእነዚህ ሰዎች የተለመደው ምክር ዋግነር ነው። ሰውን፣ ዕቃን፣ ሐሳብን በየራሱ አጭር ዜማ የመወከል ዘዴን በሰፊው ያስፋፋው እሱ በመሆኑ ምክሩ በታሪክ ረገድ ትክክል ነው። በተግባር ግን አራቱ ተከታታይ ኦፔራዎቹ፣ በ1876 ባይሮይት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ባንድነት የቀረቡት፣ ወደ 15 ሰዓት የሚጠጉ ናቸው። ዘፈኑ በጀርመንኛ ነው፤ ቃሉን ሳይከታተሉ መስማት ደግሞ ግማሹን መተው ነው። ዋግነርን ለሁለተኛ ዓመት አቆዩት። ካልሆነም ያለ ዘፋኝ በኦርኬስትራ ብቻ የተቀዱትን ቅንጫቢዎች ውሰዱ።

እኔ የማስቀድመው የባሌት ሙዚቃን ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ ሰው ባይስማማኝም አልመለስም። ባሌት እንደ ፊልም ሁሉ ለሚታይ ድርጊት የተጻፈ ነው። ፀብ አለ፣ ፍቅር አለ፣ ሞት አለ፤ እያንዳንዱ ቁራጭም ሦስት አራት ደቂቃ ቆይቶ ለሚቀጥለው ቦታ ይለቃል። የፕሮኮፊየቭ ሮሜዮና ጁልየት ለመድረክ የበቃው በ1938 ነው፤ ሰውየው በዚያው ዓመት ከሰርጌይ አይዘንሽታይን ጋር የታሪክ ፊልም ሙዚቃ ሠርቷል። ሁለቱን አከታትሎ የሰማ ሰው አንድ እጅ እንደጻፋቸው ሳይነገረው ያውቃል። ሙሉው ባሌት ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሆነ የምትመርጡት አቀናባሪው ራሱ ለኮንሰርት ያሳጠረውን ስዊት ይሁን፤ በተለይ ሁለተኛውን። የሁለቱን ባላንጣ ቤተሰቦች ጥላቻ የሚገልጸው ከባድ፣ ማርሽ የሚመስል ዜማ የሚከፍተው እሱን ነው።

የስትራቪንስኪ የእሳት ወፍም (1910) ከዚሁ ወገን ነው። የ1919ኙ ስዊት 20 ደቂቃ አካባቢ ብቻ ሲሆን፣ መጨረሻው ላይ አንድ ሆርን (የተጠመዘዘ የነሐስ መለከት) በዝግታ የሚያነሳው ዜማ ወደ መላው ኦርኬስትራ የሚሸጋገርበት መንገድ ማንኛውንም የፊልም ፍጻሜ ያስንቃል። ሁለቱን ሳነጻጽር ፕሮኮፊየቭ ለገጸ ባሕርይ፣ ስትራቪንስኪ ለቀለም ይበልጣል እላለሁ።

ከባሌት ቀጥሎ የሚመጣው ኤሪክ ኮርንጎልድ ነው። ቪየና ላይ በልጅነቱ ዝናው የወጣ አቀናባሪ ሲሆን፣ ትልቁ ኦፔራው በ1920 ሲቀርብ ዕድሜው 23 ነበር። በ1934 ወደ ሆሊውድ ሄደ፤ የትላልቅ ጀብዱ ፊልሞችን ድምፅ ከቀረጹት ሰዎች አንዱም ሆነ። በ1945 የጻፈው የቫዮሊን ኮንቼርቶ (አንድ ቫዮሊን በኦርኬስትራ ታጅቦ የሚጫወተው ሥራ) ዜማዎቹን የወሰደው ከራሱ የፊልም ሥራዎች ነው፤ በ1947 ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተውም ያሻ ሃይፌትዝ ነው። 25 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። ዜማ ከምስሉ ተላቆ በራሱ ሲቆም ምን እንደሚሆን ለማወቅ ለምትሹ ከዚህ የቀረበ ማነጻጸሪያ የለም፤ ፊልሞቹን ጭምር ስላላችሁ ያው ዜማ ከተዋጊ ሰይፍ ጋርና ያለ ሰይፍ ትሰሙታላችሁ።

ሲምፎኒ ከዚህ በኋላ ነው። ከብዙዎቹ መካከል የሲቤሊየስን አምስተኛ እመርጣለሁ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። በመጨረሻው ክፍል ሆርኖቹ የሚያወዛውዙት ሰፊ ዜማ አቀናባሪው በ1915 ሲበሩ ካያቸው ስዋኖች ጋር የተያያዘ ነው። ሥራው የሚዘጋው በመካከላቸው ዝምታ ባለባቸው ስድስት ምቶች ነው። የትኛውም የፊልም አዘጋጅ ያን ያህል ዝምታ ለሙዚቃ አይፈቅድም። ማህለር? ትልቅ ነው፣ ግን አብዛኞቹ ሲምፎኒዎቹ ከአንድ ሰዓት በላይ ናቸው። ሲቤሊየስ ካለቀላችሁ በኋላ ኑ።

ጦርነቱንና ጠፈሩን ለሚወዱ ደግሞ የጉስታቭ ሆልስት ፕላኔቶች አለ። ሰባት ክፍል፣ 50 ደቂቃ ገደማ፣ መጀመሪያ የተሰማው በ1918። የማርስ ክፍል በአምስት ምት የሚሄድ ሲሆን፣ ስትሰሙት «ይህንን የሆነ ፊልም ላይ ሰምቼዋለሁ» ማለታችሁ አይቀርም። የተበደሩት ፊልሞቹ ናቸው። ብዙ ሰው ማርስንና ጁፒተርን ሰምቶ ይተወዋል። የሳተርን ክፍል ግን ከሁሉ የጠለቀው ነው፤ አቀናባሪውም ይበልጥ የወደደው እሱን ነበር።

ድባቡ ለሚቀርላቸው

ይህ ወገን ዛሬ ከሁሉም የሰፋ ስለሆነ ምርጫውም ብዙ ነው፤ መሳሳቱም ቀላል ነው። በአንድ ጫፍ የሚያስፈራው፣ በሌላው ጫፍ የሚያረጋጋው ሙዚቃ ይገኛል።

ከሚያስፈራው እንጀምር። የሊገቲ አትሞስፌር (1961) ዜማም ሊቆጠር የሚችል ምትም የለውም። ባለአውታር መሣሪያ የያዘው እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን መስመር ስለሚጫወት አንድም መስመር ተለይቶ አይሰማም፤ የሚሰማው የሚንቀሳቀስ ግዙፍ የድምፅ ደመና ነው። ዘጠኝ ደቂቃ አካባቢ ነው፤ ኩብሪክ በ1968 ፊልሙ ውስጥ አስገብቶታል። የፔንዴሬትስኪ ለሂሮሺማ ሰለባዎች የተሰየመው ሥራ (1960) በርዝመት ይቀራረበዋል፤ የተጻፈውም ለ52 ባለአውታር መሣሪያዎች ነው። በባሕርይ ግን አይገናኙም፤ ሊገቲ ቀስ ብሎ ያፍናችኋል፣ ፔንዴሬትስኪ ከመጀመሪያው ሰኮንድ ይጮኻል። ሌሎች የፔንዴሬትስኪ ሥራዎች በኩብሪክ የ1980 አስፈሪ ፊልም ውስጥ አሉ። አስፈሪ ፊልም ለምትወዱ ሁለቱም ይሆናሉ፤ ማታ ብቻችሁን ስትሆኑ ግን ሊገቲ ይሻላል። (ወይም ይብሳል።)

ከሚያረጋጋው በኩል አብዛኛው ሰው የሚደርሰው ማክስ ሪክተርና ዮሃን ዮሃንሰን ጋ ነው። ፒያኖ፣ ጥቂት ባለአውታሮች፣ ቀስ ብለው የሚደጋገሙ ሃርመኒዎች። ለፊልም ያላቸውን ቅርበት የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በ2016 በወጣው የባዕድ ፍጡራን ፊልም ሙዚቃውን የሠራው ዮሃንሰን ቢሆንም፣ በመክፈቻውና በመዝጊያው ላይ የሚሰማው ሪክተር በ2004 አልበሙ ያወጣው ሥራ ነበር። የኦስካር አካዳሚም በዚህ ምክንያት የዮሃንሰንን ሙዚቃ ከውድድር ውጭ አደረገው። ተመልካች የሁለቱን ድምፅ መለየት ይከብደዋል ብሎ ነው።

ይህ ቅርበት ለእኔ የድክመቱም ምንጭ ነው። አጥብቃችሁ የምትፈልጉት ለሥራ ወይም ለንባብ የሚሆን ድምፅ ከሆነ ሪክተርን ያዙ፤ አትከፉም። ግን «ከፊልም ሙዚቃ ልውጣ» ብላችሁ ከሆነ ከቤት ወጥታችሁ በረንዳ ላይ ነው የቆማችሁት። የዮሃንሰን የ2006 አልበም ይህን ትችት ይቋቋማል፤ አባቱ ከአሮጌ ኮምፒውተር ከቀዱት ድምፅ ተነስቶ በኦርኬስትራ ያዳበረው ስለሆነ ከጀርባው የራሱ ታሪክ አለው።

በዝግታ ረገድ የበለጠ የሚሰጠው አርቮ ፔርት ነው። የ1977ቱ ታቡላ ራሳ ለሁለት ቫዮሊን፣ ለባለአውታር ኦርኬስትራና በአውታሮቹ መካከል ብሎን ለገባበት ፒያኖ የተጻፈ ነው፤ ፒያኖው ወደ ደወል የተጠጋ ድምፅ ይሰጣል። ሁለተኛው ክፍል ቀስ በቀስ እየወረደ ሄዶ ሳይደመደም ይጠፋል። ላይ ላዩን ከሪክተር ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ በሦስተኛው ማዳመጥ ይወጣል። ሪክተር ያኔ የሚነግራችሁን ነግሯችሁ ጨርሷል።

የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖም እዚህ መግባት አለበት፤ ግን ማስጠንቀቂያ ይዞ። በሙዚቃ መተግበሪያዎች ላይ ከ«ረጋ ያለ ፒያኖ» ዝርዝሮች ውስጥ ተደባልቆ ይገኛል፤ እንደ ጀርባ ድምፅ ሲሰማ ግን ይባክናል። ምቱ አይቆጠርም፤ ዜማው እንደሚተነፍስ ሰው ይፈጥናል፣ ይዘገያል። ተቀምጠው የሚሰሙት ነው።

ሲንተሳይዘር ለሚወዱ ምርጫው አጭር ነው። የታንጀሪን ድሪም የ1974 አልበም ከጨለማ ወደ ምት የሚጓዝ ነው፤ ቡድኑም በኋላ ፊልም ሠርቷል። ብራያን ኢኖ በ1978 ለአውሮፕላን ማረፊያ ብሎ ያወጣው ደግሞ የትም አይጓዝም፤ የተሠራውም ላለመጓዝ ነው። ታንጀሪን ድሪም ለምሽት፣ ኢኖ ለጠዋት።

ምቱ ለሚቀርላቸው

እዚህ ምርጫው ወደ ሁለት ሥራዎች ይጠብባል፤ የሚፈለገው የምት ዓይነት የትኛው እንደሆነ ካወቃችሁ አትሳሳቱም። አንደኛው የስትራቪንስኪ የጸደይ በዓል ባሌት ነው። በግንቦት 1913 ፓሪስ ላይ ሲቀርብ ታዳሚው መካከል ሁከት ያስነሳው ይህ ሥራ 35 ደቂቃ ገደማ ነው። ምቱ ጠንካራ ነው፣ ግን የት እንደሚወድቅ አታውቁም፤ ለመቁጠር ስትዘጋጁ ይዘላችኋል። የማሳደድና የጭራቅ ትዕይንት የሚወድ ሰው ቤቱ እዚህ ነው።

ሁለተኛው የስቲቭ ራይሽ ለ18 ሙዚቀኞች የተሰኘው (1976) ነው። አንድ ሰዓት ያህል ያለ ማቋረጥ ይመታል። መሪ የለውም፤ ተጫዋቾቹ ወደሚቀጥለው ክፍል የሚያልፉት ከቪብራፎኑ (በመምቻ ከሚመታው የብረት መሣሪያ) በሚሰጥ ምልክት ነው። ሙዚቃው የተመሠረተው በመጀመሪያ በሚሰሙ 11 ኮርዶች (ባንድ ጊዜ የሚሰሙ የድምፆች ጥምረት) ላይ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው በየተራ ይዘረጋሉ። ስትራቪንስኪ በድንገተኛነት ይይዛችኋል፤ ራይሽ ሳታውቁት ይለወጣል፣ መለወጡንም የምታውቁት ከተለወጠ በኋላ ነው። የዘመኑ የጠፈርና የጊዜ ፊልሞች ላይ የሚሰማውን የማያቋርጥ ንዝረት የሚወድ ሰው ራይሽን ይጀምር። ፊሊፕ ግላስ ከዚሁ ትውልድ ነው፤ በ1982ቱ ያለ ንግግር በተሠራው ፊልም የምታውቁት ከሆነ ግን ራይሽ አዲስ ነገር ይሰጣችኋል።

ጊታር የማያስፈራቸው ደግሞ የሮክ ቡድኑን ጎድስፒድ ዩ ብላክ ኢምፐረርን ይዩ። የ2000 አልበማቸው አራት ረጃጅም ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱም 20 ደቂቃ አካባቢ ነው። ከሹክሹክታ ተነስቶ እስከ ጩኸት ይገነባል፣ ከዚያ ይፈርሳል። በ2002ቱ የለንደን ወረርሽኝ ፊልም ባዶ ከተማ ላይ የሚሰማው የእነሱ ሥራ ነው። ዘዴው አንድ ስለሆነ ከሁለት አልበም በኋላ መድገሙ ይታወቃል።

ጃዝ፣ በራሱ መንገድ

ጃዝ ከሦስቱ ወገኖች በአንዱም ሥር በደንብ አይገባም። የፊልም ሙዚቃ ወዳጅ ጃዝ ላይ የሚቸገረው ዜማው ቶሎ ስለሚሄድበት ነው፤ ይቀርብና ተጫዋቾቹ ጥለውት የራሳቸውን ይፈጥራሉ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ይመለሳሉ። መፍትሔው ዜማውን በአእምሮ ይዞ መቆየት ነው፤ ያኔ ፈጠራው ከምን እንደራቀ ይሰማል።

መግቢያ በር የሚሆነው ማይልስ ዴቪስ በታኅሣሥ 1957 ፓሪስ ላይ ለሉዊ ማል ፊልም የሠራው ነው። የፊልሙ ትዕይንቶች ፊቱ እየታዩ ሙዚቀኞቹ እዚያው እየፈጠሩ የቀዱት ነው። ከዚያ ወደ 1959ኙ ካይንድ ኦቭ ብሉ መሻገር ቀላል ነው። ኦርኬስትራ ለለመደ ጆሮ ግን ከጊል ኢቫንስ ጋር የሠራው የ1960 የስፔን አልበም ይቀላል፤ ጃዝ መሆኑን እስክታውቁ ድረስ የፊልም ሙዚቃ ይመስላችኋል።

ሙላቱ አስታጥቄን ብዙ የውጭ አድማጭ ያወቀው በጂም ጃርሙሽ የ2005 ፊልም ነው። ከዴቪስ ጋር ሲነጻጸር ለጀማሪ ይቀላል እላለሁ፤ ዜማው አጭር ነው፣ በቪብራፎንና በኦርጋን ደጋግሞ ይመለሳል፣ ምቱም አይጠፋም። ቅኝቱን ከልጅነቱ የሰማ ሰው ደግሞ ከመግቢያው ግማሹን አልፎታል።

የምትወዱት አቀናባሪ ሌላው ፊት

«የምወደው አቀናባሪ ሌላ ምን ጻፈ?» ብሎ መነሳት ብልህነት ይመስላል፤ ሁልጊዜ ግን አያዋጣም። ኒኖ ሮታ አስተማማኝ ነው። የኮንሰርት ሥራዎቹም እንደ ፊልሞቹ ዜማ የሞላባቸው ናቸው። ጆን ዊልያምስ ግን ለኮንሰርት ሲጽፍ ይለወጣል፤ ኮንቼርቶዎቹ ይበልጥ የሚቆጥቡና የሚፈትሹ ናቸው። በ1995 የጻፈው የባሱን ኮንቼርቶ ከሁሉም ለስላሳ ስለሆነ በእሱ ጀምሩ። ኤንዮ ሞሪኮኔ «ፍጹም ሙዚቃ» (ለምስል ያልተጻፈ ለማለት) ይለው የነበረው የኮንሰርት ሥራው ከካውቦይ ፊልሞቹ ፉጨት ጋር አንድ ሰው የጻፈው አይመስልም፤ የነጻ ፈጠራ ሙከራ ቡድን አባልም ነበር። ቶሩ ታኬሚትሱ በተቃራኒው በሁለቱም ቦታ ያው ሰው ነው። በ1967 ለኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ የጻፈው ሥራ ቢዋንና ሻኩሃቺን፣ የጃፓን አውታርና ዋሽንት፣ ከኦርኬስትራ ጋር ያፋጥጣል እንጂ አያዋህድም።

ከሁሉ የሚማርከኝ ግን ፊልሙ ራሱ ኮንሰርት የሆነበት ነው። ቮን ዊልያምስ ለ1948ቱ የደቡብ ዋልታ ጉዞ ፊልም የጻፈውን ወስዶ በ1953 ሰባተኛ ሲምፎኒው አደረገው፤ ቃል የለሽ የሴቶች ድምፅና የነፋስ ማሽን አለበት። ፕሮኮፊየቭም ከአይዘንሽታይን ጋር የሠራውን በ1939 ለመዘምራንና ለኦርኬስትራ አዋቅሮታል። ከማያውቁት ይልቅ ከሚያውቁት መነሳት ለሚመርጡ እነዚህ ሁለቱ ይቀድማሉ።

የጨዋታ ሙዚቃን ባጭሩ ልለፍ። ተጫዋቹ ቦታውን እስኪለቅ እንዲዞር የተሠራ ስለሆነ ከጨዋታው ውጭ ድግግሞሹ ይሰለቻል፤ ለኦርኬስትራ እንደገና የተቀናበረውን ቅጂ ምረጡ።

የት ትሰሙታላችሁ?

የፊልም ሙዚቃ ቅጂ ብዙ ጊዜ የድምፁ ከፍታና ዝቅታ የተቀራረበ ነው። የኦርኬስትራ ቅጂ ግን በጣም ዝቅ ብሎ በጣም ከፍ ይላል። መንገድ ላይ ወይም ጫጫታ ባለበት ቦታ ሲቤሊየስና ፔርት ግማሹ አይሰማም፤ ለዚያ ራይሽ፣ ጎድስፒድ ወይም ሙላቱ ይሻላሉ። መተግበሪያው ክፍሎቹን እያደባለቀ የሚያጫውትበትን ቅንብርም አጥፉ፤ በሲምፎኒ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል መካከል ሌላ ዘፈን ገብቶ ማግኘት ያናድዳል።

በአዳራሽ ለመስማት ዕድል ያገኘ ሰው ሁለት ዓይነት ትኬት ያያል፤ ፊልሙ እየታየ ኦርኬስትራ የሚያጅብበትና ተራው ኮንሰርት። የመጀመሪያው ያጓጓል። ግን መሪው ከምስሉ ጋር እኩል ለመሄድ በጆሮው የምት ቆጣሪ እየሰማ ወይም ምልክት የሚያሳይ ስክሪን እየተከተለ ስለሚመራ፣ ማዘግየትም ማፍጠንም እምብዛም አይችልም፤ የተመልካቹም ዓይን ፊልሙ ላይ ነው። ያን አንድ ጊዜ ካያችሁ ለቀጣዩ ትኬት የጸደይ በዓል ወይም ፕላኔቶች የሚቀርብበትን ኮንሰርት ምረጡ። መቀመጫውም ከፊት ረድፍ ይልቅ ከፍ ያለው ይሁን፤ የከበሮ ተጫዋቾቹ የሚታዩት ከዚያ ነው።